ቴራፒና የሰው ወሬ፦ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪና ትራንስጀንደር ሐበሾች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በየክሊኒኩና በስልክ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ቴራፒስትም ሐኪምም አይደለሁም። ነገር ግን ቴራፒ፣ ማለትም በንግግር የሚደረግ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የምሰማው እኔ ስለሆንኩ፣ የእኛ ሰው ምን እንደሚፈራ አውቃለሁ። ከቴራፒው ይልቅ ወሬውን ነው የሚፈራው። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ፣ ባይሴክሹዋል (ወንድም ሴትም የሚወዱ) ወይም ትራንስጀንደር (ሲወለዱ የተባለላቸው ፆታ የራሳቸው እንዳልሆነ የሚሰማቸው) ልጆች፣ በራሳቸው አነጋገር «ዜጋ» የሆኑት፣ እንዲሁም ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። መልሱ በአብዛኛው አሜሪካን የሚመለከት ነው። ሌላ አገር ላላችሁም ጣል ጣል አድርጌአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቴራፒስቱ የነገርኩትን ለሌላ ሰው ይናገራል?

አይናገርም። ቢናገር የሥራ ፈቃዱን እስከማጣት ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ሂፓ የሚባለው ሕግ የሕክምና መረጃችሁን ይጠብቃል። ቴራፒስቱ ለብቻው ለይቶ የሚያስቀምጣቸው የንግግራችሁ ማስታወሻዎች ደግሞ ከተራው የሕክምና መዝገብ የበለጠ ጥበቃ አላቸው።

ምስጢሩ የሚከፈትባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰውን ለመግደል ከተቃረባችሁ፣ ሕፃን ልጅ እየተጎዳ መሆኑ ከታወቀ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ። አዋቂ ሰው ማንን እንደሚወድ ከነዚህ ውስጥ የለበትም። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ግን ወላጅ መዝገቡን ማየት መቻል አለመቻሉ እንደየስቴቱ ይለያያል። ስለዚህ ምንም ከማውራታችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን «ወላጆቼ ምን ማየት ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ደህና ቴራፒስት እንዲያውም ሳይጠየቅ ይናገራል።

ኢንሹራንሱ የአባቴ ነው። ያውቃል?

ካልተጠነቀቃችሁ ሊያውቅ ይችላል። ብዙ ልጅ ጉድ የሚሆነውም እዚህ ጋ ነው። እስከ 26 ዓመት ድረስ በወላጅ ኢንሹራንስ መቆየት ይቻላል፤ ኩባንያው ግን ማን ዘንድ እንደታከማችሁና ምን እንደተከፈለ የሚዘረዝር ወረቀት ለዋናው ባለቤት ይልካል። ቴራፒስቱ አፉን ዘግቶ ፖስታው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እማዬ ትከፍተዋለች።

መፍትሔ አለው። ኢንሹራንስ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉና ደብዳቤው በሌላ አድራሻ ወይም በራሳችሁ ኢሜይል እንዲላክ ጠይቁ። መረጃው ቤተሰብ ዘንድ ከደረሰ አደጋ ላይ እንደምትወድቁ በጽሑፍ ግለጹላቸው። እንዲህ ያለውን ምክንያታዊ ጥያቄ ኩባንያው መቀበል አለበት፤ ሂፓ ያስገድደዋል። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ነው። የኩባንያው አፕ ላይም አባታችሁ ገብቶ የእናንተን ሒሳብ ማየት ይችል እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ኢንሹራንሱን ትቶ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍል ክሊኒክ መሄድ ይሻላል።

አስተርጓሚው የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ?

ጥርጣሬው ልክ ነው። ከተማው የፈለገ ቢሰፋ የእኛ ሰው ይተዋወቃል። ቤተ ክርስቲያን ባይገናኝ ሰርግ ላይ፣ ሰርግ ላይ ባይገናኝ ለቅሶ ላይ ይገናኛል።

መስመሩ ላይ ገብቼ «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ» ስል ወዲያ ያለው ሰው ጭጭ ሲል ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ትንሽ ቆይቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እኔ እሞክራለሁ» ይላል። ወይም ስለ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ሲያወራ ሰዓቱ ያልቃል። ቴራፒስቷ ምን እንደተፈጠረ አይገባትም። እኔ ይገባኛል፤ ግን የሰውየውን ሆድ ገምቼ ከራሴ ቃል መጨመር ሥራዬ አይፈቅድም።

አስተርጓሚም እንደ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያ ካላረካችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚው በአካል ሳይሆን በስልክ እንዲሆን፣ ከተቻለም ሌላ ስቴት ያለ እንዲሆን ጠይቁ። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያስተዋውቀው በቁጥር ነው። ለእሱም ስማችሁን መንገር የለባችሁም፤ ቴራፒስቷ ስም ሳትጠራ መሥራት ትችላለች። ወንድ ወይም ሴት ብላችሁ መምረጥ ይቻላል። ድምፁን ካወቃችሁት «ሌላ አስተርጓሚ ይቀየርልኝ» በሉ። ምክንያት ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም አንቀየምም፤ ቀጣዩን ስልክ እናነሳለን።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ ማቅረብ ያለበት በነፃ ነው። «ዘመድ ይዘህ ና» ሊል አይችልም። እናንተም ደግ አስባችሁ እህታችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። የምትሄዱት እኮ ለቤተሰብ ያልተነገረውን ልትናገሩ ነው!

ሐበሻ ቴራፒስት ይሻላል ወይስ ፈረንጅ?

የሚያሳርፋችሁ ይሻላል። ሐበሻዋ ይሉኝታ ምን እንደሆነ፣ እናት ስታለቅስ ቤቱ ምን እንደሚሆን አታስተምሯትም። ፈረንጁ ደግሞ ከአክስታችሁ ጋር ዕቁብ አይጥልም። ብዙ ሰው በፈረንጅ ጀምሮ፣ ድፍረት ሲያገኝ አማርኛ የሚናገር ሲፈልግ አያለሁ። ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጋር ሠርተህ ታውቃለህ? እንዴት ነው የምትሠራው?» መልሱን ትቶ መንተባተብ ከጀመረ ወይም «እስኪ መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ» ካለ ሌላ ፈልጉ።

ነገሩ ራሱ በሽታ አይደለም እንዴ?

አይደለም። «የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ፈረንጆቹም ራሳቸው በሽታ ሲሉት ኖረዋል። ያኔ ሐኪሞች የሚያውቁት ታመው የመጡላቸውን ብቻ ነበር። ኤቭሊን ሁከር የምትባል ሳይኮሎጂስት ሕክምና ላይ ያልነበሩ 30 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በሥነ ልቦና ፈተና መረመረች። የማን የማን እንደሆነ ሳትናገር ውጤቱን ለባለሙያዎች ሰጠቻቸው። መለየት አቃታቸው። ይህን ያሳተመችው በ1957 ነው።

በ1972 ደግሞ ዳላስ ላይ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ሐኪሞች) ማኅበር ጉባኤ ነበር። አንድ ሐኪም ጭምብል አጥልቆ፣ ዊግ አድርጎ፣ ድምፁን በሚቀይር ማይክሮፎን ቀረበ። «ዶክተር ኤች አኖኒመስ» ነበር የተባለው። ሐኪሞች መካከል የተቀመጠ ሐኪም፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ለመናገር ፊቱን መሸፈን ነበረበት። ጆን ፍራየር መሆኑን በይፋ የተናገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ማኅበሩ በታኅሣሥ 1973 ከበሽታ ዝርዝሩ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 1990 አወጣው።

በሽታ ካልሆነ ታዲያ ቴራፒው ለምንድን ነው?

ለሸክሙ ነው። ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ጉዳዩን በደንብ አብራርቶታል። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለድብርትና ለጭንቀት የሚጋለጡት በተፈጥሯቸው ሳይሆን በኑሯቸው ነው። ይሰደባሉ፣ ይገለላሉ። ባይሰደቡም ዛሬ ነገ እሰደባለሁ ብለው ይጠብቃሉ። ይደብቃሉ። በመጨረሻም ሰው የሚለውን እነሱም ስለራሳቸው ማመን ይጀምራሉ።

መደበቁ ብቻውን ሙሉ ቀን ሥራ ነው። እሁድ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጓደኛው የሚያወራ ልጅን አስቡት። «ደወለልኝ» ማለት ሲገባው «ደወለችልኝ» እያለ፣ «መጣ» በማለት ፈንታ «መጣች» እያለ፣ አንዷን ግስ ቢስት አለቀለት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። አጎቱ «መቼ ነው የምንድርህ?» ይላል። ይስቃል። ማታ ቤቱ ሲገባ ጨጓራው ይነሳበታል።

ጨጓራ ያልኩት በምክንያት ነው። የእኛ ሰው ጭንቀት ይዞኛል ብሎ አይሄድም፣ ጨጓራ ብሎ ነው የሚሄደው። ኦሜፕራዞል እየዋጠ፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ነህ እያለው ዓመታት ይቆያል። ራስ ምታት፣ ሰውነት ማቃጠል፣ የልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ናቸው። ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር እውነትም ሆድን ይፈጃል።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ተራ ነው። ለምሳሌ «እናቴ ብትሰማ ትሞታለች» የሚለው ሐሳብ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ከባድ ነገር ስትሰማ ምን ሆነች? ካልሰማችስ፣ አንተ በዚህ አኳኋን ስንት ዓመት ትቆያለህ? እንዲህ እያለ ይበጠራል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ጆን ፓቻንኪስና ባልደረቦቹ ይህን ዓይነቱን ቴራፒ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪና ባይሴክሹዋል ወጣት ወንዶች አስተካክለው በ10 ክፍለ ጊዜ ሞክረውት ነበር። በ2015 የታተመው ውጤት ድብርቱም የመጠጡ ችግርም መቀነሱን አሳይቷል።

ለቤተሰቤ እንድናገር ያስገድደኛል?

አያስገድድም። ቶሎ ቶሎ «ሂድና ንገራቸው» የሚል ቴራፒስት ኑሯችሁን አላወቀውም። የምትኖሩት ከነሱ ጋር ከሆነ፣ የትምህርት ክፍያውን የሚከፍሉት እነሱ ከሆኑ፣ አለመናገር ብልህነት ሊሆን ይችላል።

ቴራፒ ዝንባሌዬን ሊቀይረው ይችላል?

አይችልም፤ ሙከራው ራሱ ይጎዳል። ሮበርት ስፒትዘር የተባለ ታዋቂ ሳይካትሪስት አንዳንድ ሰው ሊለወጥ ይችላል የሚል ጥናት በ2003 አሳትሞ ነበር። በ2012 ጥናቱ ያን ለማለት እንደማያበቃ አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። «እንቀይራለን» ከሚሉት ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ትልቁ የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናልም በ2013 ተዘጋ፤ ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ጠይቆ ነው የዘጋው። ካሊፎርኒያ ፈቃድ ያላቸው ቴራፒስቶች ልጆች ላይ ይህን እንዳይሞክሩ የሚከለክል ሕግ በ2012 አወጣች። ማልታ በ2016፣ ጀርመን ለልጆች በ2020፣ ካናዳና ፈረንሳይ በ2022 ከልክለዋል። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴርም የጤና ባለሙያዎችን በ2022 ከልክሏል። ሌላው ቀርቶ እንቀይራለን ብለው የኖሩት ሰዎች ራሳቸው አልሆነም ካሉ፣ እናንተ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጠበል ብጠመቅስ? ጸሎት ባስደርግስ?

ጸሎትን አልነካም። ብዙዎች እምነታቸውን ጥለው መውጣት አይፈልጉም፤ ጥሩ ቴራፒስትም እምነታችሁን ጣሉ አይልም። ወዳችሁ የምትሄዱበት ጠበል፣ ሰላም የሚሰጣችሁ ሶላት ወይም ዝማሬ የእናንተ ነው። አንድን ልጅ በግድ ወስዶ ማሰር፣ ማስራብ፣ መግረፍ፣ ጉባኤ ፊት አቁሞ «ውጣ» እያሉ መጮህ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ካለው ቦታ የተመለሱ ሰዎችን ቃል አስተርጉሜአለሁ። ለዓመታት የሚያባንን ነገር ይዘው ነው የሚመጡት።

ልጄ ነገረችኝ። ዓለም ጨለመብኝ። ቴራፒ ልውሰዳት?

ልጅዎ ራሷ ከፈለገች ይውሰዷት። «እንዲያስተካክሏት» ብለው ከሆነ አይውሰዷት። እርስዎ ግን ለራስዎ ቢሄዱ እመክራለሁ። ጭንቀትዎ እውነተኛ ነው፤ ልጅዎ ደግሞ ሸክሙን ብቻዋን ልትችለው አይገባም።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኬይትሊን ራያን የምትመራው የቤተሰብ ጥናት በ2009 ያወጣው ውጤት አለ። በልጅነታቸው ቤተሰብ ክፉኛ የገፋቸው ወጣቶች፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት ከ8 እጥፍ በላይ ነው። የከባድ ድብርቱ ልዩነትም 6 እጥፍ ገደማ ነው። መግፋት ማለት ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም። ከቤተሰብ ግብዣ ማስቀረት፣ ማኩረፍ፣ ጓደኞቿን ማራቅ፣ «አባትሽን ገደልሽው» ማለትም መግፋት ነው። በአንድ ቀን ደስ ይበልዎት የሚል የለም። ዛሬ ማታ ደውለው «በላሽ ወይ?» ቢሏት ትልቅ ነገር ነው። ለእህትዎ ወይም ለንስሐ አባትዎ ከመናገርዎ በፊትም ልጅዎን ያስፈቅዱ። ምስጢሩ የእሷ ነው።

ትራንስጀንደር ነኝ። ቴራፒ ሳልጨርስ ሆርሞን አይሰጡኝም?

አዋቂ ከሆናችሁ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክሊኒኮች ጥቅምና ጉዳቱን አስረድተው፣ ተስማምታችሁ ስትፈርሙ ይጀምራሉ። ለቀዶ ሕክምና ግን ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ የባለሙያ ደብዳቤ ይጠይቃል። ለልጆች እንደየስቴቱ ነው። ቴነሲ ይህ ሕክምና ለልጆች እንዳይሰጥ ያወጣችውን ክልከላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 አጽንቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ዝርዝር ትራንስጀንደርነትን የሚመለከተውን ክፍል ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ጥገኝነት ጠይቄአለሁ። ቴራፒስት «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል?

ያን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ናይጄሪያዊ ጥገኝነት ጠያቂን በሥነ ልቦና ፈተና ሊያጣሩት ሞክረው ነበር። አንዱ ፈተና ዝናብ ውስጥ ያለ ሰው ሥዕል ማሳል ነው! የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥር 2018 እንዲህ ያለ ፈተና ዝንባሌን ለመመዘን እንዳይውል ወሰነ።

ቴራፒስት መጻፍ የሚችለው ሌላ፣ ግን የሚጠቅም ነገር ነው። የደረሰባችሁ ነገር ያስከተለውን ድብርትና ቅዠት ይመዘግባል። ማስታወስ ለምን እንዳስቸገራችሁም ያስረዳል። ይህ ቀላል አይደለም። የተደበደበ ሰው ቀን ያምታታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ በዚያ ላይ የኢትዮጵያን ዘመን ከፈረንጁ ይቀላቅላል። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው ሹም «2015 ብለህ ነበር፣ አሁን 2023 አልክ» ሲል እንደ ውሸት ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻው በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀኑ ካለፈ ከባድ የአእምሮ ሕመም ለመዘግየቱ እንደ ምክንያት ሊቀርብ ስለሚችል፣ ለጠበቃችሁ ቴራፒ ላይ እንዳላችሁ ንገሩ። የምትሰጡት መረጃም ለኢትዮጵያ መንግሥት እንዳይሰጥ በደንብ የተጠበቀ ነው።

መክፈል አልችልም። የት ልሂድ?

ዋሽንግተን አካባቢ ዊትማን ዎከር የሚባለው ጤና ጣቢያ ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ከትራንስጀንደሮች ጋር በመሥራት የቆየ ነው፤ ክፍያው እንደ ገቢ ይታያል። ሌላ ከተማም ተመሳሳይ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። በቪዲዮ ከሆነ ቴራፒስቱ እናንተ ያላችሁበት ስቴት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በዚህ ጉዳይ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ቤት በደባልነት የምትኖሩ ደግሞ መኪና ውስጥ ሆናችሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ ተነጋገሩ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ በኤንኤችኤስ፣ በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት በኩል ሐኪም ሳይልካችሁ ራሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም አለው።

ራሴን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብኛል።

ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። አሜሪካና ካናዳ 988 ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። አብዛኛው ጥሪ እዚያው በስልክ ያልቃል። በ988 ላይ ለወጣት ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደሮች የነበረው ልዩ ምርጫ በሐምሌ 2025 ተዘግቷል፤ ለእነዚህ ወጣቶች የሚሠራው ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት ግን የራሱን መስመር ይዞ ቀጥሏል። እስራኤል ኤራን 1201፣ እንግሊዝ ሳማሪታንስ 116 123፣ ጀርመን 0800 1110111 ነው። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ አሜሪካና ካናዳ 911፣ አውሮፓ ደግሞ 112።

ኢትዮጵያ ወይም ዓረብ አገር ነኝ። እኔስ?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የሚያስቀጣ ሕግ አለ። ስለዚህ ለማን ምን እንደምትሉ መዝናችሁ ተናገሩ። ድብርትን ለማከም ማንን እንደምትወዱ መናገር ግዴታ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ ማውራት ትችላላችሁ። «ከቤተሰብ ጋር የከረረ አለመግባባት አለኝ» ማለትም ይበቃል፤ መድኃኒቱም ምክሩም በዚያው ይጀመራል። ውጭ አገር ካለ ቴራፒስት ጋር በስልክ የምትነጋገሩ ከሆነ መልእክቱን ወዲያው አጥፉ፣ ስልኩን በቁጥር ቆልፉ። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ፣ አሠሪ ስልካችሁን የሚፈትሽ ከሆነ፣ ምንም በጽሑፍ አታስቀሩ።

ቴራፒስቴ አልተመቸኝም። አንድ ጊዜ ሄጄ ተውኩት።

ቀይሩ። ለክሊኒኩ ደውሎ «ሌላ ሰው ስጡኝ» ማለት ይበቃል፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ዘርግፎ መናገር የለም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቀን ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ብታወሩ ማንም አይከሳችሁም። አንዳንዱ ዋናውን ነገር የሚያነሳው ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጃኬቱን እየለበሰ ነው። ቴራፒስቶች ይህን ለምደውታል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ይጽፉታል።